ራዕይ ያለው መሪ፦ ከሑደይቢያ ስምምነት ምን እንማራለን?



ጉዳይ ሊያስፈጽም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሄደ ሰው ተራውን እየጠበቀ ግድግዳውን ማንበቡ አይቀርም። "ራዕይ"፣ "ተልዕኮ"፣ "እሴቶች" የሚሉ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ራዕዩ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመተ ምሕረት ጠቅሶ ይጀምርና "ሆኖ ማየት" በሚል ቃል ያበቃል። አንዳንዴ የተጠቀሰው ዓመት ካለፈ ቆይቷል፤ ሰሌዳው ግን ባለበት አለ። ይህ ልማድ ወደ እኛም ተቋማት ገብቷል። የመስጂድ ኮሚቴ ሲዋቀር፣ ጀመዓ ሲመሠረት፣ የበጎ አድራጎት ማኅበር ፈቃድ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚጻፈው ራዕይ ነው። መጀመሪያ የሚረሳውም እርሱ ነው።

ከዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ስለ ራዕይ ሲነገር መሰልቸቱ አይደንቅም። አገራችንም ከድሮ ጀምሮ "ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ" እያለች በሩቅ አሳቢው ትስቃለች። ተረቱ እውነትነት አለው፤ ሩቅ እያወራ ዛሬ ምንም የማይሠራ ሰው ሞልቷል። ነገር ግን ቅርብ ብቻ የሚያስብ መሪ የሚመራውን ሕዝብ የት እንደሚያሳድረው በራሳችን ተቋማት ላይ አይተነዋል። ስለዚህ ራዕይ ምን እንደሆነ፣ ዋጋውስ ምን ያህል እንደሆነ ከታሪካችን በማስረጃ ማየቱ ይጠቅማል።

ቃሉ ራሱ ከማየት የመጣ ነው። ግዕዙ "ርእየ" ይላል፤ ዐረብኛው "ረአ" ይላል፤ ሁለቱም "አየ" ማለት ናቸው። ዐረብኛ ከዚሁ ሥር በእንቅልፍ የሚታየውን ሕልም "ሩእያ" ብሎ ይጠራዋል። ምኞት ያለው ሰው የሚፈልገውን ነገር ያውቃል። ራዕይ ያለው ሰው ግን የሚደርስበትን ቦታ አስቀድሞ ያየዋል፤ ስላየውም ለዚያ ሲል ዛሬ ምን መተው እንዳለበት ያውቃል። ይህን ልዩነት ከሑደይቢያ ስምምነት በላይ የሚያሳይ ክስተት ለእኔ አልታየኝም።

በሕልም የተጀመረው ጉዞ

ዘመኑ ስድስተኛው ዓመተ ሂጅራ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 628። ሙስሊሞች ከመካ ከተሰደዱ ስድስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በእነዚህ ዓመታት በድርን፣ ኡሑድንና ኸንደቅን አልፈዋል። ሙሃጂሮቹ የተወለዱበትን ከተማ፣ በየሰላታቸው ፊታቸውን የሚያዞሩበትን ከዕባ በዐይናቸው ካዩ ቆይተዋል። በዚህ መካከል ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሶሓባዎቻቸው ጋር ወደ መስጂደል ሐራም በሰላም ሲገቡ በሕልማቸው አዩ። የነብያት ሕልም ከአላህ የሆነ እውነት ነውና ወሬው መዲናን በደስታ ሞላት። 1400 ያህል ሰዎች ለዑምራ ተነሱ። ዙልሑለይፋ ላይ ኢሕራም አደረጉ፤ የሚታረዱትን ግመሎች ምልክት አድርገው ይነዱ ጀመር። መንገደኛ ከሚይዘው ሰይፍ በቀር የጦር መሣሪያ አልያዙም።

ቁረይሾች ግን መንገዱን በፈረሰኛ ዘጉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግጭቱን ሸሽተው በሌላ አስቸጋሪ መንገድ ዞሩና በሐረም ዳርቻ ካለችው ሑደይቢያ ደረሱ። ዑሥማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) ለመነጋገር ወደ መካ ተላከ። መመለሻው ሲዘገይ ተገደለ የሚል ወሬ መጣ፤ ሶሓባዎቹም ከአንዲት ዛፍ ሥር ላለመሸሽ ቃል ገቡ። ወሬው ሐሰት ሆኖ ተገኘ፤ በመጨረሻም ቁረይሾች ሱሃይል ኢብን ዐምርን ለድርድር ላኩ።

የተደረሰበትን ስምምነት ዛሬ በወረቀት ላይ ብቻ ብናነብበው ማን እንዳሸነፈ ለመናገር አንቸገርም ነበር። ለአሥር ዓመት ጦርነት ይቆማል። ሙስሊሞቹ ዘንድሮ ዑምራ ሳያደርጉ ይመለሳሉ፤ በቀጣዩ ዓመት መጥተው ሦስት ቀን ይቆያሉ። ከመካ ያለ አሳዳጊው ፈቃድ ወደ መዲና የሚመጣ ሰው ይመለሳል፤ ከመዲና ወደ መካ የሚሄድ ግን አይመለስም። ሌሎች ጎሣዎች ከፈለጉት ወገን ጋር መወዳጀት ይችላሉ። ጽሑፉ ሲጻፍ ሱሃይል "ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም" የሚለውን አልቀበልም አለ፤ ቁረይሾች በለመዱት መጠሪያ ተተካ። "የአላህ መልእክተኛ ሙሐመድ" የሚለውንም አልቀበልም አለ። ጸሐፊው ዐሊ (ረ.ዐ.) ያን ቃል በእጁ መሰረዝ ከበደው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቦታውን አሳዩኝ ብለው ራሳቸው አጠፉትና "የዐብደላህ ልጅ ሙሐመድ" ተብሎ ተጻፈ።

ከሁሉም የከበደው ቀጥሎ መጣ። ቀለሙ ሳይደርቅ የሱሃይል የገዛ ልጅ አቡ ጀንደል እግሩ በሰንሰለት እንደታሰረ እየጎተተ ደረሰ። እስልምናን በመቀበሉ አባቱ ያሰረው ወጣት ነው። ሙስሊሞቹ መሐል ገብቶ ድረሱልኝ አለ። አባቱ በስምምነቱ መሠረት ልጄ ይመለስልኝ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን አንድ ሰው እንዲተውላቸው ደጋግመው ጠየቁት፤ እምቢ አለ። አቡ ጀንደል ተመለሰ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲታገስና አላህ ለእርሱም ለመሰሎቹም መውጫ እንደሚያበጅ ነገሩት። እዚያ የቆሙት 1400 ሰዎች ምን እንደተሰማቸው ለመገመት የራሳችሁን ልጅ ወይም ወንድም በአቡ ጀንደል ቦታ ማሰብ ይበቃል።

ዑመር (ረ.ዐ.) ዝም ማለት አልቻለም። ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርቦ እኛ በእውነት ላይ፣ እነርሱ በሐሰት ላይ ከሆንን በሃይማኖታችን ይህን ውርደት ለምን እንቀበላለን የሚል ጥያቄ አነሳ። ከዕባን እንደምንዞር ነግረውን አልነበረምን ሲልም ጨመረ። የተሰጠው መልስ ስለ ራዕይ ከተጻፉ ብዙ መጽሐፍት ይበልጣል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዎን፣ ነግሬአችኋለሁ አሉት፤ ነገር ግን "ዘንድሮ" ብዬ ነግሬህ ነበርን ሲሉ መልሰው ጠየቁት። ዑመር አልነገሩኝም አለ። እንግዲያውስ ትደርስበታለህ፣ ትዞረዋለህም አሉት። ዑመር ያው ጥያቄውን ይዞ ወደ አቡበክር (ረ.ዐ.) ሄደ፤ ያገኘው መልስም ያው ነበር።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ሶሓባዎቹ ሕልሙን ሰምተዋል፤ አምነውበታልም። ጊዜውን ግን ራሳቸው ጨመሩበት። መድረሻውና የጊዜ ሰሌዳው በልባቸው አንድ ሆነው ተጣበቁ፤ ስለዚህ ሰሌዳው ሲፈርስ መድረሻው የጠፋ መሰላቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱን ለያዩአቸው። በየተቋማችን የሚታየው ተስፋ መቁረጥ አብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል። መድረሳው በሁለት ዓመት ያልቃል ተብሎ በአምስተኛው ዓመት ሲጓተት ሰው "ቀድሞም አይሆንም ነበር" ብሎ ይበተናል።

ሌላም አለ። መሪው ሊለቅ የሚችለውንና የማይለቀውን ለይተው ያውቁ ነበር። ማዕረጋቸው ከወረቀት ላይ ተፋቀ፤ መልእክተኛነታቸው ግን ከሱሃይል ፊርማ የመጣ ስላልነበር ምንም አልጎደለበትም። ሩቅ የማያይ መሪ ቢሆን ኖሮ በዚያች አንዲት ቃል ላይ ይጋደል ነበር። እኛ ዘንድ በማኅተምና በደብዳቤ ራስጌ፣ ማን ከማን ቀድሞ ይናገር በሚል ስንት ስብሰባ እንደተበተነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስምምነቱ ካለቀ በኋላ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነሥታችሁ እረዱ፣ ጸጉራችሁንም ተላጩ ብለው አዘዙ። ማንም አልተነሣም። ሦስት ጊዜ ተናገሩ፤ አሁንም የተነሣ የለም። እነዚህ ከጥቂት ቀናት በፊት ለሞት ቃል የገቡ ሰዎች ናቸው። ሐዘን እንጂ አመፅ አልነበረም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ድንኳናቸው ገብተው ለባለቤታቸው ለኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) የሆነውን ነገሯት። እርሷም ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው የራሳቸውን ግመል እንዲያርዱና ጸጉራቸውን እንዲላጩ መከረቻቸው። እንዳለችው አደረጉ። ሶሓባዎቹ ይህን ባዩ ጊዜ ተነሥተው ማረድ ጀመሩ፤ እርስ በርስም ተላላጩ። ያን ቀን ሕዝቡን ያንቀሳቀሰው ሐሳብ የመጣው ከአንዲት ሴት ነው። ሴቶችን ከኮሚቴ ውጭ አድርገን ስለ አመራር የምንወያይ ሰዎች ይህን ገጽ ስናነብ ቶሎ ባናልፈው ጥሩ ነው።

ወደ መዲና ሲመለሱ መንገድ ላይ ሱረቱል ፈትሕ ወረደች፤ ያን ስምምነት ግልጽ ድል ብላ ጠራችው። ድሉ ግን ገና በዐይን አይታይም ነበር። ቀስ በቀስ የታየው እንዲህ ነው፦ ጦርነት ሲቆም ሰዎች ያለ ፍርሃት ተገናኙ፤ ተነጋገሩ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ነገሥታት ደብዳቤ ላኩ፤ ከእነዚህም አንዱ የእኛው ነጃሺ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ በሐበሻ ምድር ተጠልለው የቆዩት ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና ባልደረቦቹ በሰባተኛው ዓመት ኸይበር ላይ ተቀላቀሉ። (የሐበሻው ስደትም የሩቅ እይታ ውጤት ነው፤ መዲና ከተመሠረተች በኋላም ከአማኞቹ ከፊሎቹ ለዓመታት ከባሕር ማዶ በአስተማማኝ እጅ ነበሩ።) በዚያው ዓመት ሙስሊሞቹ ዑምራቸውን አደረጉ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድና ዐምር ኢብኑል ዓስ በገዛ እግራቸው መጥተው ሰለሙ። ያ የሚያቆስል አንቀጽ እንኳ በቁረይሾች ላይ ዞረ፤ አቡ በሲር የተባለ ሌላ ሸሽቶ የመጣ ሰው በባሕሩ ዳርቻ ሰፈረ፣ አቡ ጀንደልና ሌሎችም ተቀላቀሉት፣ የነጋዴ መንገድ ሲጠብባቸው ቁረይሾች ራሳቸው ሰዎቹን ውሰዱልን ብለው ለመኑ። በሑደይቢያ 1400 የነበሩት ሙስሊሞች ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ መካ ሲገቡ 10,000 ነበሩ። ሱሃይል ኢብን ዐምርም ከዚያ በኋላ ሰለመ።

ወሕይ የማይወርድለት መሪስ?

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ "እርሳቸው ነብይ ናቸው፤ አላህ እያሳያቸው ነው፤ እኛ ከየት እናምጣ?" ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዲያውም በግልጽ መነገር አለበት፦ ከእርሳቸው በኋላ ማንም መሪ "አይቻለሁና ዝም ብላችሁ ተከተሉኝ" ማለት አይችልም። እንዲህ የሚል ሰው ከተነሣ ከእርሱ መራቅ ይሻላል። ለእኛ የተተወልን ዕውቀት፣ ሹራና ኢስቲኻራ ነው። በእነዚህ ብቻ ሩቅ ማየት እንደሚቻል ያሳየን ደግሞ ያው በሑደይቢያ የተቆጣው ዑመር ነው። በዚያ ቀን ስለተናገረው ነገር ለዓመታት ሲጾምና ሲመጸውት እንደኖረ ራሱ ተናግሯል፤ ትምህርቱን ግን አልረሳውም።

በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን ኢራቅና ሻም ተከፈቱ። የኢራቁ ለም መሬት "ሰዋድ" ይባላል፤ ከብዛቱ አረንጓዴነት የተነሣ ከሩቅ ሲታይ ስለሚጠቁር ነው። እስከዚያ ድረስ በነበረው አሠራር ከምርኮው አንድ አምስተኛው ለጋራ ጉዳይ ይወጣና የቀረው ለዘማቾቹ ይከፋፈላል። ዘማቾቹም መሬቱ እንዲከፋፈል ጠየቁ። ጥያቄአቸው የስግብግቦች ጥያቄ አልነበረም፤ ደማቸውን ያፈሰሱበት ነው፣ ኸይበርም ተከፋፍላለች። አጥብቀው ከተከራከሩት መካከል ዙበይር ኢብኑል ዐዋምና የሐበሻው ልጅ ቢላል (ረ.ዐ.) ይገኙበታል።

ዑመር ግን ሌላ ነገር ታየው። መሬቱ ዛሬ ከአራሾቹ ጋር ለእነዚህ ሰዎች ከተሰጠ ልጆቻቸው ይወርሱታል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ትውልድ ምን ያገኛል? ድንበሩን የሚጠብቀው ወታደር ደመወዙን ከየት ያመጣል? የዚያው አገር የቲምና ባል የሞተባት ሴት በምን ይኖራሉ? ሐሳቡን በኃይል አልጫነም። መጀመሪያ ቀደምት ሙሃጂሮችን አማከረ፤ እነርሱም ተከፋፈሉ። ከዚያ ከአንሷር አሥር ሰዎች አስጠራ፤ አምስቱ ከአውስ፣ አምስቱ ከኸዝረጅ። እርሱም እንደ ማንኛቸውም አንድ ሰው እንደሆነ፣ የእርሱን ፍላጎት እንዲከተሉ እንደማይፈልግ ነግሯቸው ጉዳዩን አቀረበ። ክርክሩ ቀናት ፈጀ። በመጨረሻ ማስረጃውን በሱረቱል ሐሽር አገኘው፤ ሱራዋ ስለ ሙሃጂሮችና አንሷሮች ከተናገረች በኋላ ከእነርሱ በኋላ የሚመጡትንም ትጠቅሳለች። ገና ያልተወለዱትም ድርሻ አላቸው ማለት ነው።

ውሳኔው ሐሳብ ሆኖ አልቀረም። በልኬት የታወቀው ዑሥማን ኢብን ሑነይፍ ተልኮ ሰዋድን ለካ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች 36 ሚሊዮን ጀሪብ እንዳገኘው መዝግበዋል። መሬቱ በነባር አራሾቹ እጅ ቆየ፤ እንደየሰብሉ ዓይነት ኸራጅ ተጣለበት። ገቢና ወጪውን የሚይዝ ዲዋን ተቋቋመ። ኸራጁ ዑመር ከሞተ በኋላም ለብዙ ትውልድ የሕዝብ ግምጃ ቤት ዋና ገቢ ሆኖ ቀጠለ። ልብ በሉ፤ በዚያ ስብሰባ ውስጥ ድምፅ የነበራቸው ሁሉ መሬቱ ቢከፋፈል ይጠቀሙ ነበር። የሚጎዱት ስብሰባው ላይ ያልነበሩት ናቸው። የመሪ ራዕይ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ይመስለኛል።

መንፈሳዊውና ዓለማዊው

ብዙ ጊዜ መንፈሳዊ አመራርና ዓለማዊ አመራር እንደ ሁለት ዓለም ይታያሉ፤ ኢማሙ ስለ አኺራ፣ ሥራ አስኪያጁ ስለ በጀት ያስባል ይባላል። የነብዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ ግን ሁለቱን ያገናኛል። ሕልሙን ያየው አማኝ ያልነበረ ንጉሥ ነው። ዩሱፍ ፍቺውን ብቻ ነግረው ቢያበቁ ግብፅ ድርቁ እንደሚመጣ እያወቀች ትራብ ነበር። ሰባት ዓመት ተግታችሁ ዝሩ፣ ከምትበሉት ጥቂት በቀር ያጨዳችሁትን በዘለላው ተዉት የሚል የአሠራር መመሪያ ጨመሩበት፤ ከዚያም ታማኝነታቸውንና ዕውቀታቸውን ጠቅሰው በግምጃ ቤቱ ላይ እንዲሾሙ ጠየቁ። የዳነው ሕዝብ ደግሞ ሃይማኖቱ አልተጠየቀም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በሆስፒታል፣ በባንክ ኃላፊ ሆኖ የሚሠራ ሙስሊም ከዚህ የተሻለ አርአያ ከየት ያገኛል?

ወደ ዘመናችን ስንመጣ የማሌዢያ ታሪክ ይጠቀሳል። በዚያ አገር በገጠር የሚኖሩ ሙስሊሞች ለሐጅ የሚሆን ገንዘብ ከወለድ ለመሸሽ ሲሉ ወደ ባንክ አይወስዱም ነበር፤ ቤት ውስጥ ይደብቁታል። ጊዜው ሲደርስ ያልሞላውን መሬታቸውንና ከብታቸውን ሸጠው ይሞሉና ሐጃቸውን አድርገው ሲመለሱ ድሃ ይሆናሉ። ዑንጉ ዐብዱል ዐዚዝ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1959 (እ.ኤ.አ.) ይህን ችግር ከወለድ ነፃ በሆነ የቁጠባና የኢንቨስትመንት ተቋም መፍታት እንደሚቻል የሚያሳይ ሐሳብ አቀረቡ። ተቋሙ በ1963 ሥራ ሲጀምር ቆጣቢዎቹ ከ1300 ያነሱ ነበሩ፤ ዛሬ "ታቡንግ ሐጂ" በሚል ስም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ደንበኞች አሉት። ሁሉም ሐጃጅ ድሃ ሆኖ ሲመለስ ያያል፤ "የአላህ ውሳኔ ነው" ብሎ ያልፋል። እኚህ ሰው ያንኑ አይተው ተቋም ታያቸው። ሆኖም ታሪኩን አሳምረን ብቻ እንዳንናገር፣ ይኸው ተቋም በ2018 ዕዳው ከሀብቱ በልጦ ተገኝቶ በመንግሥት ድጋፍ እንደገና መዋቀር ነበረበት። የመሥራች ራዕይ የተተኪውን ሒሳብ አይጠብቅም።

የእኛም አገር ታሪክ ቢሆን ከዚህ አይርቅም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ክርስቲያን ወገኖችም ተሳትፈውበት ሙስሊሞች 13 ጥያቄዎችን አቀረቡ። ያኔ የአገሩ ሙስሊም "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" እየተባለ ይጠራ ነበር፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" እንባል የሚል ነበር። በዓላት እንዲከበሩ፣ የሙስሊሞች የራሳቸው ምክር ቤት እንዲኖርም ተጠየቀ። በዓላቱ በዓመቱ በ1967 ዓ.ም. ብሔራዊ በዓል ሆኑ። መጅሊሱ በ1968 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዐዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው ግን በ2012 ዓ.ም. ነው። ከሰልፉ እስከ ዐዋጁ 46 ዓመት ነው። ያን ቀን በጎዳናው ከወጡት አባቶች ብዙዎቹ ይህን ሳያዩ ወደ አኺራ ሄደዋል። ከወለድ ነፃ ባንክም እንዲሁ ነው፤ ዘምዘም ባንክ ሰኔ 2013 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት ሐሳቡ ከተጠነሰሰ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በመካከሉ ያ ነገር "ላም አለኝ በሰማይ" ሆኖ የታያቸው ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ዑመር በሑደይቢያ የጠየቀውን ጥያቄ እነርሱም ጠይቀዋል።

በአንድ መስጂድ

ነገሩን ወደ ሰፈራችን ላውርደው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መስጂድ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ኮሚቴው ከፍ ያለ ሚናራ ለመሥራት አቅዷል፤ ሥዕሉም በትልቁ ታትሞ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። የሚናራውን ማማር የተቃወመ አልነበረም፤ ከአስፋልቱ ማዶ ይታያል፣ ለሰፈሩም ግርማ ነው። የልጆቹ መድረሳ ግን በቆርቆሮ የተከለለ አንድ ክፍል ነበር፤ በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ኡስታዙ አይሰማም። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። "ልጆቼ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ከዚህ ሚናራ አዛን የሚያወጣው ማነው? አሁን ስንት ዓመቱ ነው? የት ነው የሚቀራው?" ብለው ተቀመጡ።

ወዲያው ስምምነት አልተፈጠረም። አንዳንዶቹ ገንዘቡ የተሰበሰበው በሚናራ ስም ስለሆነ ወደ ሌላ ማዞር አይቻልም አሉ፤ ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፣ አደራ ነውና። ሌሎቹ አዛውንቱን ደገፉ። ስብሰባው ለጁምዓ ተቀጠረ። በሳምንቱ ኢማሙ ለሚናራ የተሰጠው ገንዘብ ለብቻው ተቀምጦ እንዲቆይ፣ ለመድረሳው አዲስ መዋጮ እንዲጀመር ሐሳብ አቀረቡ። የራሳቸውን የአንድ ወር ደመወዝ አስቀድመው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ በኋላ ሰው ተሰለፈ፤ በሴቶቹ በኩል የጆሮ ጌጥ የሰጡም ነበሩ።

ባለፈው ረመዳን ወደዚያ ሰፈር ለተራዊሕ ሄጄ ነበር። መድረሳው ሦስት የብሎኬት ክፍል አለው፤ ማታ ማታ እናቶች ይቀሩበታል። የሚናራው መሠረት ተቆፍሮ ብረቱ ወጥቷል። አዛውንቱን ስጠይቅ ባለፈው ዓመት መሞታቸውን ነገሩኝ፤ አላህ ይማራቸው። የዚያን ምሽት ከኢማሙ ኋላ ሆኖ ሲሳሳቱ የሚያርማቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር።